«እመኑን» ከማለት በፊት፦ ለሰሜን ሸዋ የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በሰሜን ሸዋ ዞን ለሚገኙ የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት አባላት፣ ለየወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች፣ ለቀበሌ አስተዳደሮች
ግልባጭ፦ መዋጮ ለሚያዋጣው ሕዝብ

ክቡራንና ክቡራት፣

በየስብሰባው «ሕዝቡ በእኛ ላይ ያለው እምነት ቀንሷል፤ እምነቱን መመለስ አለብን» ሲባል እንሰማለን። ነገሩ ከመነሻው የተሳሳተ ይመስለናል። እምነት የሰጪው ነው፤ ተቀባዩ በዘመቻ አያመጣውም። ደግሞም ሕዝብ የማይታመነውን ቢያምን ይጎዳል እንጂ አይጠቀምም፤ ስለዚህ እምነት መብዛቱ ብቻውን መልካም ነገር አይደለም። መልካም የሚሆነው በሚገባው ሰው ላይ ሲያርፍ ነው። የብሪታኒያዋ ፈላስፋ ኦኖራ ኦኒል በ2002 እ.ኤ.አ. በቢቢሲ ባቀረቧቸው ተከታታይ ንግግሮች የተከራከሩት ስለዚሁ ነበር፤ ሹመኛ ሊጨነቅ የሚገባው የሚታመን ስለመሆኑና ይህንንም ሌላው ሊመዝነው ስለመቻሉ ነው። ለምክር ቤት ሲተረጎም ሥራው አንድ ነው፦ ራስን ለመርማሪ ቀላል ማድረግ። ተመርምሮ ንጹሕ የተገኘ ይታመናል፤ ጎዶሎ የተገኘ አይታመንም፤ ሁለቱም ለሕዝቡ ይጠቅማሉ።

ይህን የምንጽፍ በሒሳብ፣ በኦዲትና በምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ሥራ የቆየን የዞኑ ነዋሪዎች ነን። የማንንም ቢሮ ጉድለት ለመዘርዘር አልተነሣንም። የምንጽፈው ስለ አሠራር ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን፣ ሕዝብም በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይደነግጋል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል ለኖረ አገር ቀላል ቃል አይደለም። በተግባር ግን ተጠያቂነቱ የሚሄደው ወደ ላይ ብቻ ነው። ቀበሌ ለወረዳ፣ ወረዳ ለዞን፣ ዞን ለክልል ሪፖርት ያቀርባል። ግምገማ የሚቀመጠውም እዚያው ውስጥ ነው፤ ኃላፊው በአለቃውና በባልደረቦቹ ፊት ሂሱን ይውጣል፣ ከዚያ ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወራል። ዝውውር ተጠያቂነት አይደለም፤ ያው ጥርጣሬ ከነሰውየው ወደማያውቀው ሕዝብ መሻገር ነው። ገንዘቡ የጎደለበት ቀበሌ ምን እንደተወሰነ አይሰማም፣ የተቀበለው ወረዳም ምን እንደመጣበት አያውቅም።

የተፋሰስ ልማቱን እንውሰድ። በጥርና በየካቲት የእርከን ሥራ ዘመቻ ይካሄዳል፤ በየሳምንቱ ስንት ኪሎ ሜትር እርከን እንደተሠራ፣ ስንት ሰው እንደወጣ ቁጥር ወደ ላይ ይላካል። ቁጥሩን የሚቀበለው ሰው ቦታውን አላየም። እርከኑን የሠራው ገበሬ ደግሞ በስሙ የተላከውን ቁጥር አላየም። በመካከል ያለው ባለሙያ ዕቅዱ ካልሞላ እንደሚወቀስ ያውቃል፤ ስለዚህ ቁጥሩ እያደገ ይሄዳል። ይህ የአንድ ሰው ውሸት ብቻ አይደለም፤ የሚያውቀው ሰው የማያይበት፣ የሚያየው ሰው የማያውቅበት አሠራር ውጤት ነው። መድኃኒቱም ርካሽ ነው፦ ወደ ላይ የሚላክ ማንኛውም ሪፖርት፣ ከመላኩ ቢያንስ ሦስት ቀን በፊት አንድ ቅጂው በቀበሌው ይለጠፍ። በልማት ቡድን ተከፋፍሎ ይጻፍ፤ የእገሌ ቡድን፣ በእገሌ ተረተር፣ ይህን ያህል ሜትር። ቡድኑ በገመድ ለክቶ የሠራውን ያውቃልና ቁጥሩ ከተጋነነ የመጀመሪያው ሳቅ እዚያው ይሰማል። ከምናቀርባቸው ሐሳቦች ሁሉ አንዱን ብቻ የምትቀበሉ ቢሆን ይህን እንድትመርጡ እንለምናለን።

ሰው መክፈልም ማመንም ጠልቶ አይደለም። ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ፣ ከአረርቲ እስከ ዓለም ከተማ ሰው ለእድሩ ሳያንገራግር ይከፍላል። የእድሩ ሹማምንት ከቀበሌው ሹማምንት የተሻለ ሥነ ምግባር ስላላቸው አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው። የሚለየው አሠራሩ ነው። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የሚመዘግበው ገንዘብ አይነካም፣ ገንዘብ የያዘው ያለ ሌላው ቃል አያወጣም። በወር ስንት እንደሚከፈል፣ ለቀብር ስንት እንደሚወጣ እያንዳንዱ አባል በቃሉ ያውቀዋል፤ ጉድለት ለመለየት የሒሳብ ትምህርት አያሻውም። ከሁሉ በላይ ሒሳቡ የሚነገረው ለከፋዩ ነው፣ በከፋዩ ፊት።

በመንዝ የጓሳን መስክ ለረጅም ዘመን ጠብቆ ያቆየው ጥንታዊ ሥርዓትም ከዚህ አይርቅም። የሚያስተዳድረው ሰው በመስኩ ተጠቃሚዎች ይመረጥ ነበር፤ መስኩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና የሚከፈትበት ቀን ለሁሉም ይታወጃል፤ ጥበቃውም የተጠቃሚው የራሱ ግዴታ ነበር። እንከን የለውም አንልም፤ መብቱ በዘር የተወረሰ ነበርና ብዙዎችን ውጭ ያስቀር ነበር። ያም ሆኖ የካቲት 25 ቀን 1967 ከታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ሲፈርስ መስኩ ጠባቂ አጥቶ ተጎድቷል። በሕግ የሕዝብ የሆነ ነገር ሁሉ በራሱ ባለቤት ያገኛል ማለት አይደለም።

እድር የሚሠራው ሰዎቹ ስለሚተያዩ ነው። ወረዳ ላይ ግን ማንም ማንንም አያይም፤ ዓይን ይሠራ የነበረውን ወረቀት መሥራት አለበት። ከዚህ በታች ያለው ዝርዝር የሚያሰለች ሊመስል ይችላል፤ እምነት የሚጎድለው ግን እዚሁ ዝርዝር ውስጥ ነው።

ከመዋጮ እንጀምር። ለምሳሌ ብቻ፣ አንድ ቀበሌ 400 አባወራና እማወራ ቢኖሩትና ለትምህርት ቤት መማሪያ ክፍል እያንዳንዱ 500 ብር ቢመደብበት፣ መሰብሰብ ያለበት 200,000 ብር ነው። የደረሰኙ ጥራዝ 50 ቅጠል ካለው አንድ ጥራዝ 25,000 ብር ይይዛል፤ በአጠቃላይ 8 ጥራዝ ያስፈልጋል። ይህ ስሌት ሥራው ሳይጀመር ለሕዝብ ሊነገር ይገባል። ከተነገረ ዘጠነኛ ጥራዝ በአንድ ሰው እጅ ሲታይ ማንኛውም ከፋይ ይጠይቃል። የጥራዝ መመዝገቢያ ይኑር፤ ጥራዙ ከቁጥር ስንት እስከ ቁጥር ስንት እንደሆነ፣ ማን እንደወሰደው፣ በምን ቀን እንደወሰደና እንደመለሰ ይጻፍበት። የተበላሸ ደረሰኝ ከነቀሪዎቹ «ውድቅ» ተብሎ እዚያው ጥራዙ ላይ ይቆይ፤ የተቀደደ ቅጠል ማብራሪያ የለውም።

ገንዘብ የሚጠፋባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው «ደረሰኙ በኋላ ይመጣል» ተብሎ በተራ ወረቀት ላይ ስም እየተጻፈ የሚሰበሰበው ነው። ወረቀቱ ይጠፋል፤ የከፈለው እንደገና ይጠየቃል፤ በሚቀጥለው ዓመት ለሚመጣው ትክክለኛ መዋጮ ሁሉ እምቢተኛ ይሆናል። ደንቡ አጭር መሆን አለበት፦ ጥራዝ ከሌለ መሰብሰብ የለም። ሁለተኛው በሰብሳቢው ኪስ የሚያድረው ገንዘብ ነው። ባንክ ቅርብ በሆነበት በማግስቱ ገቢ ይደረግ። ሩቅ በሆነበት ጣሪያ ይቀመጥለት፤ ለምሳሌ 10,000 ብር ሲሞላ ወይም ሦስት ቀን ሲያልፍ፣ የቀደመው። ሒሳቡ በግለሰብ ስም አይከፈት፤ ሦስት ፈራሚ ይኑረው፣ ገንዘብ የሚወጣው በሁለቱ ፊርማ ይሁን። ሦስተኛው በዓይነት የሚከፈለው ነው። ምንጃር ላይ ጤፍ፣ መንዝ ላይ በግ፣ ባሶና ወራና ላይ ገብስ ሊመጣ ይችላል። እህሉ በከፋዩ ፊት ይመዘን፣ ኪሎው ደረሰኙ ላይ ይጻፍ፣ የተሸጠበት ቀን የገበያ ዋጋና የገዢው ፊርማ ይያያዝ። ያለዚህ በጥሩ ዋጋ የተሸጠው በግ በመጥፎ ዋጋ ይመዘገባል።

አራተኛው ብዙም አይታይም፤ «አቅም የላቸውም» ተብለው ነፃ የሚደረጉት ናቸው። ከ400ው 40ው ነፃ ቢደረጉ የሚሰበሰበው 180,000 ብር ይሆናል። የ20,000 ብሩ ልዩነት ሰብሳቢው በፈለገው ስም ሊሞላው የሚችል ባዶ ቦታ ነው፤ የከፈለን ሰው «ነፃ» ብሎ መመዝገብ ይቻላልና። ስለዚህ ነፃ የሚሆኑት ከመሰብሰቡ በፊት በጎረቤት ምክክር ይለዩ፣ መዝገቡም ይዘጋ። ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው ግን ቁጥራቸው ብቻ ይሁን። የድሃን ስም አደባባይ መስቀል ግልጽነት አይባልም። የራሱን ስም ማጣራት የሚፈልግ መዝገቡን ያስገልጥ።

የተገዛው ዕቃ ሲመጣ ደግሞ የታወቁት ሦስት ቅጾች አሉ፤ ሞዴል 19 ለዕቃ ገቢ፣ ሞዴል 20 ለዕቃ ጥያቄ፣ ሞዴል 22 ለዕቃ ወጪ። ቅጾቹ ጥሩ ናቸው። የሚበላሹት ሞዴል 19 ሲሚንቶው ሳይራገፍ በአቅራቢው ደረሰኝ ላይ ተመሥርቶ ሲሞላ ነው፤ ያን ጊዜ ቅጹ የሚመሰክረው የታዘዘውን እንጂ የደረሰውን አይደለም። ያዘዘው፣ የተረከበውና የከፈለው አንድ ሰው ከሆነ ሦስቱም ቅጾች አንድ ሰው ለራሱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ናቸው። መዋጮ ካዋጡት መካከል ሁለት ሰዎች ሲራገፍ ይገኙ፣ ኩንታሉን ይቁጠሩ፣ ሞዴል 19 ላይ ይፈርሙ። ጊዜው ግማሽ ቀን ነው።

አሁን ስለ ሰሌዳው። የበጀት መረጃ ለሕዝብ ይለጠፍ የሚለው መመሪያ አዲስ አይደለም፤ ብዙ ቦታ ተለጥፎም አይተናል። ጥያቄው ማን ሊያነበው ይችላል የሚለው ነው። በኃላፊው ቢሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ በጀት ለጎብኚ የተሰቀለ ነው። ቦታው ወፍጮ ቤት፣ የገበያ መግቢያ፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ደጃፍ፣ የጤና ኬላ በር ይሁን። ከሁለት እርምጃ ርቀት የሚነበብ ፊደል ይሁን። በጣርማ በርና በመንዝ ጉምና ዝናብ ወረቀት አንድ ሳምንት አይቆይምና በላስቲክ ይሸፈን። የተለጠፈበት ቀን፣ ቀጣዩ የሚለጠፍበት ቀን፣ ስለ ቁጥሩ የሚጠየቀው ሰው ሥራ መደብ ከግርጌው ይጻፍ። ቀጣዩ ቀን ካልተጻፈ ወረቀቱ እዚያው ያረጃል፤ በመስከረም የተለጠፈ በሰኔ ሲነበብ አጋጥሞናል። ማንበብ የማይችለውም ብዙ ነው፤ በገበያ ቀን ወይም ከቅዳሴ በኋላ አንድ ተማሪ ጮክ ብሎ ያንብበው።

ይዘቱን በሚመለከት የሒሳብ ሰዎች ለሒሳብ ሰዎች ነው የምንጽፈው። 6231 ብሎ የሒሳብ መደብ ቁጥር መለጠፍ ለገበሬው ምንም አይናገርም፤ «የውሎ አበል» ተብሎ ይጻፍ። 6217 «ነዳጅ»፣ 6111 «የቋሚ ሠራተኞች ደመወዝ» ይባል። ዕቅዱ ብቻ ሳይሆን የተሰበሰበው፣ የወጣው፣ የቀረው ጎን ለጎን ይቀመጥ። «የግንባታ ዕቃ፦ 140,000 ብር» የሚል መስመር አይመረመርም። «ቆርቆሮ ይህን ያህል ቅጠል፣ አንዱ በይህን ያህል ብር» የሚለው ይመረመራል፤ የቆርቆሮ ዋጋ ገበያ ላይ ያለው ሁሉ ያውቀዋልና።

ስለ ወረዳ በጀት አንድ ነገር ብንጨምር ደስ ይለናል። ብዙ ኃላፊዎች በጀቱን ቢያወጡት ወቀሳ እንደሚበዛባቸው ይፈራሉ። የሚያጋጥመው ግን የተገላቢጦሽ ነው። የወረዳ በጀት ትልቁ ክፍል ደመወዝ መሆኑን፣ ለካፒታል ሥራ የሚተርፈው ጥቂት መሆኑን ሕዝቡ አያውቅም። ስለማያውቅ ብዙ ገንዘብ አለ ብሎ ያስባል፤ መንገዱ ሳይሠራ ሲቀር ተበላ ይላል። የተሸፈነ ትንሽ ገንዘብ ትልቅ ይመስላል። ያልሰረቀው ኃላፊ ከሌባው እኩል የሚጠረጠረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከሌባው የሚለየው ማስረጃ በእጁ እያለ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበታል።

ማዳበሪያም ላይ ያው ነው። የተመዘገበው ኩንታል፣ የተከፈለበት ቀን፣ የተሰጠበት ቀን በየስሙ ይለጠፍ፤ ተራው በክፍያ ቀን ይሂድ። ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ «ሌሎች» የሚል መስመር ካለ ዝርዝሩ ገና አልተጻፈም ማለት ነው።

የአስተያየት ሳጥን በየቢሮው ተሰቅሏል። ቁልፉ በማን እጅ ነው? ቅሬታ የሚቀርብበት ኃላፊ ራሱ ከያዘው ሳጥኑ ቅሬታ ያቀረበውን ሰው የሚያስለይ ነው። ሁለት ቁልፍ ይኑረው፣ አንዱ ከነዋሪ ተወካይ ዘንድ ይሁን፣ በሳምንት አንድ ቀን ይከፈት። በቃል የመጣ ቅሬታ ደግሞ ቁጥርና ቀን ያለው ቁራጭ ወረቀት ለባለጉዳዩ ይሰጥበት። «ነገ ተመለስ» የሚባለው ትናንት የመጣበት ማስረጃ ስለሌለው ነው።

የተጠያቂነት ብዛት ራሱ ተጠያቂነትን እንደሚገድልም መናገር አለብን፤ እኛ የኦዲት ሰዎች ይህን መስማት አንወድም። አንድ ክፍያ ሰባት ፊርማ ሲያስፈልገው እያንዳንዱ ፈራሚ ከእሱ በፊት የፈረመውን ወይም በኋላ የሚፈርመውን ተማምኖ ይፈርማል፤ ማንም አያነብም። «በኮሚቴ ተወስኗል» የሚለውም ቃል ሰው የሌለበት ውሳኔ ነው። ፊርማው ወደ ሦስት ይውረድ፣ እያንዳንዱም ስለ ምን እንደፈረመ ይጻፍ፤ አንዱ ዕቃው መድረሱን፣ አንዱ ዋጋው ትክክል መሆኑን፣ አንዱ በጀት መኖሩን። ቃለ ጉባኤ ላይ የተስማማውም የተቃወመውም በስሙ ይመዝገብ። የተቃወመ ሰው ስሙ ካልተጻፈ በሚቀጥለው ጊዜ አይቃወምም።

እንዲሁም ስህተትና ጥፋት ይለዩ። የመደመር ስህተት የሠራ ገንዘብ ያዥ እንደ ሌባ ከታየ ሁሉም ስህተቱን መደበቅ ይማራል፣ ትክክለኛው ሌባም በመካከላቸው ይሰወራል። በወሩ ውስጥ ራሱ ያሳወቀ እንዲያርም ይደረግ፤ በሌላ ሰው የተገኘበት ማብራሪያ ይጠየቅ፤ ሰነድ የለወጠ ወደ ሕግ ይሂድ።

የማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም በአገራችን በ1998 ሲጀመር የመጣው የውጤት ካርድ ዘዴም ጥሩ ነው። ተገልጋዮች ለብቻቸው፣ አገልግሎት ሰጪዎች ለብቻቸው ይመዝናሉ፤ ከዚያ ፊት ለፊት ተገናኝተው የጋራ የድርጊት መርሐ ግብር ያወጣሉ። የሚከሽፈው ተገልጋዮቹ በኃላፊው ፊት እንዲመዝኑ ሲደረግ፣ ወይም ሁለተኛው ዙር ምዘና ሲቀር ነው። ሁለተኛ ዙር የሌለው ምዘና ሰሚ የሌለው አቤቱታ ነው።

ጊዜው ለስብሰባ የማይመች መሆኑን እናውቃለን። ጸጥታ በደፈረሰበት ቀበሌ ሕዝብ ሰብስቦ ሒሳብ ማሰማት ለሁሉም ያሰጋል፤ አንዳንድ ቦታ ምክር ቤት ለወራት አልተቀመጠም። ለዚህ ነው ከስብሰባ ይልቅ የተለጠፈ ወረቀት ላይ ያተኮርነው። ሰው ብቻውን እያለፈ ያነብበዋል። መለጠፍም አደጋ በሚሆንበት ቦታ የተፈረመበት ቅጂ በሦስት የታመኑ ሽማግሌዎች ዘንድ ይቀመጥና ሁኔታው ሲሻሻል ይውጣ። ስብሰባ አልተቻለም ማለት ሒሳብ አልተዘጋም ማለት መሆን የለበትም።

ለነዋሪው ደግሞ፦ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርቡ፤ ቀን ጻፉበት፣ አንድ ቅጂ ላይ የተቀባዩን ፊርማ አስቀሩ። «በጀቱን አሳዩን» አትበሉ፤ ሰፊ ጥያቄ ሰፊ ማምለጫ አለው። «ለእገሌ ትምህርት ቤት ክፍል ግንባታ ከሐምሌ 1 ጀምሮ የተሰበሰበው መዋጮና የባንክ ገቢ ወረቀቶቹ» ብላችሁ ጠይቁ። በ30 ቀን መልስ ካልመጣ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያ ለሕዝብ ዕንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይቻላል።

የምክር ቤት አባላት፣ በመጪው የበጀት ማጽደቂያ ጉባኤያችሁ ሦስት ነገሮችን በአጀንዳ እንድትይዙልን እንጠይቃለን፦ ወደ ላይ የሚላክ ሪፖርት ቅጂው አስቀድሞ እንዲለጠፍ፣ የመዋጮ ጥራዝ መመዝገቢያ በእያንዳንዱ ቀበሌ እንዲኖር፣ የሚዛወር ኃላፊ ከሰኔ 30 በፊት የያዘውን ገንዘብ፣ ጥራዝና ንብረት በከፋዮች ተወካይ ፊት ሳያስረክብ መልቀቂያ እንዳይሰጠው። የመመዝገቢያውንና የሰሌዳውን ረቂቅ ቅጽ አዘጋጅተናል፤ ለሚጠይቅ ቀበሌ ሁሉ ያለ ክፍያ እንሰጣለን፣ ገንዘብ ያዦችንም ለማሠልጠን ፈቃደኞች ነን። ከሦስቱ የማትቀበሉት ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ አሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር፣
በሰሜን ሸዋ የምንኖር የሒሳብ፣ የኦዲትና የምክር ቤት ሥራ ባለሙያዎች